አምሮትን ማወቅ፣ አምሮትን መግዛት
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የጤና ምክክር ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

እኛ በልማትና በተራድኦ አገልግሎት ላይ ያለን ሰዎች ስለ ምግብ ስንናገር አብዛኛውን ጊዜ የምንናገረው ስለ ማጣት ነው። ድርቅ ያደረቀውን ማሳ፣ ባዶ የሆነውን ጎተራ፣ የከሳውን ሕፃን እናስባለን። ይህ ሥራ ዛሬም አላለቀም። ነገር ግን በከተማ አጥቢያዎቻችን ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ችግር ቆሟል። የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የጉልበትና የወገብ ሕመም የያዛቸው ምእመናን ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ክብደት ቀንሱ» ተብለው ይመለሳሉ። ከእነርሱም መካከል በማኅሌትና በቅዳሴ ረጅም ሰዓት ቆመው የሚያገለግሉ አባቶች አሉ።

የሐኪሙ ምክር አጭር ነው፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ብዙዎቹን የሚጥላቸው አለማወቅ አይደለም። ስኳርና ቅባት መቀነስ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ይበረታሉ። ከዚያ አንድ ማታ አምሮት ይመጣና የተገነባውን ያፈርሰዋል። ከዚያም ኀፍረት ይከተላል፤ ኀፍረቱም «እኔ አልችልም» ወደ ማለት ያደርሳል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው አምሮት ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚገዛና አጥቢያችን በዚህ ረገድ ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ረኃብና አምሮት

ረኃብ ቀስ እያለ ይመጣል፤ የተገኘውንም ይቀበላል። ሽሮ ቢቀርብለት፣ ቆሎ ቢሰጠው፣ ያደረ እንጀራ ቢያገኝ ይረካል። አምሮት ግን ድንገት ይመጣል፤ የሚፈልገውንም በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል። ሆድ ሞልቶ ሳለም ይመጣል። አእምሮአችን ደስ ያሰኘንን ምግብ ከሰዓቱ፣ ከቦታውና ከሽታው ጋር አስተሳስሮ ይይዛል። ቡና ሲቆላ ዳቦው የሚታወሰን፣ ከሥራ ስንመለስ በዚያ ኬክ ቤት በር ስናልፍ እግራችን የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ልዩነት ያሳዩናል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤል በምድረ በዳ መና እየበሉ ነበር። የራባቸው አልነበሩም፤ ያማራቸው ነበሩ። የግብፅን ዓሣ፣ ዱባ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያነሡ አለቀሱ። የባርነቱን ጡብ ረስተው የማዕዱን ጣዕም ብቻ አስታወሱ። አምሮት እንዲህ ነው፤ ደስታውን ያስታውሳል፣ ዋጋውን ይሸፍናል። የዚያም ስፍራ ስም የምኞት መቃብር ተባለ።

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 ደግሞ ዳዊት በጦር ሜዳ ሳለ የቤተ ልሔምን ውኃ ተመኘ። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ጥሰው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ሰዎቹ በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡት መሆኑን አሰበና ሊጠጣው አልወደደም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያው፣ አምሮት ለጻድቅም ይመጣል፤ መምጣቱ በራሱ በደል አይደለም። ሁለተኛው፣ ዳዊት አምሮቱን ያሸነፈው ውኃው መጥፎ ነው ብሎ ሳይሆን የሚያስከፍለውን ዋጋ አይቶ ነው።

በጭካኔ አይገዛም

አምሮትን ለማጥፋት ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ ራስን ፈጽሞ ማስራብ ነው። በዚህ ነገር ላይ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባሉት ተመራማሪ፣ በጦርነት የተራቡ ሕዝቦችን እንዴት ማገገም እንደሚቻል ለማወቅ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወጣቶችን አጠኑ። ወጣቶቹ ለ24 ሳምንታት ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ ከክብደታቸው ሩብ ገደማ ቀነሱ። በዚያ ጊዜ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። የወጥ አሠራር መጽሐፍ ያነብቡ፣ ስለ ምግብ ያልሙ፣ ስለ ምግብ ብቻ ይነጋገሩ ነበር። ምግብ እንደ ልብ ከተፈቀደላቸው በኋላም አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ አልጠግብ አሉ።

እነዚያ ሰዎች ደካሞች አልነበሩም፤ ሰውነታቸው ራሱን ከሞት ለመጠበቅ ይታገል ነበር እንጂ። ክብደት ሲቀንስ ሰውነት የረኃብን ስሜት ያበረታል። ስለዚህ በአንድ ወር ሃያ ኪሎ ለመጣል የሚነሣ ሰው የገዛ አምሮቱን ያስታጥቃል። ጥቂት መቀነስ ግን ብዙ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ የስኳር ሕመም ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ተነሥተው፣ በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። ይህ በወራት ውስጥ በትዕግሥት የሚደረስበት ነው።

ጾማችንና ክብደታችን

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰባት አጽዋማት ያላት፣ በዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን የምትጾም ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንዴት በክብደት ይቸገራሉ?

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ጾም ክብደት ለመቀነስ አልተሠራም። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲያስተምር ዓላማውን ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ ማድረግ ላይ ያኖረዋል። ለመሸንቀጥ ብሎ የሚጾም ሰው ዓላማውን ስቷል። ይሁን እንጂ ጾም የሚያስተምረው «አማረኝ» በሚለውና «በላሁ» በሚለው መካከል ጊዜ ማኖርን ነው። ይህን ትምህርት ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረነዋል፤ ከጾም ውጭ ግን አንጠቀምበትም።

ደግሞም በጾም ክብደት የሚጨምሩ አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። ዘይት የጾም ቢሆንም ቅባት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ የጾም ኬክና የድንች ጥብስ ሥጋና ወተት የለባቸውም፤ ስኳርና ዘይት ግን ሞልቶባቸዋል። በተለመደው ስኳር የተዘጋጀ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ ይህም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ25 ግራም በታች ቢሆን ይበልጥ እንደሚጠቅም ይመክራል። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻ ልኩን አለፈ።

ከጾም ማብቂያ በኋላም ሌላ ፈተና አለ። ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ጾም የለም። ደስታው የተገባ ነው፤ ዶሮ ወጡም በረከት ነው። ነገር ግን 55 ቀን የታገሠ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ የታገሠውን ሁሉ ሊያካክስ ቢነሣ ጾሙ ትምህርት አልሆነውም።

በግል የምናደርገው

አምሮት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይከፍላል፣ ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይም። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ማዘግየት ነው። አምሮት ሲመጣ «አይሆንም» ብለን ከመታገል ይልቅ «ከሃያ ደቂቃ በኋላ» እንበለው። በዚያ መካከል አንድ ብርጭቆ ውኃ እንጠጣ፣ ከቤት ወጥተን እንራመድ፣ ውዳሴ ማርያም እንድገም። ከዚያ በኋላም ካልተወን በሰሐን ለክተን፣ ተቀምጠን፣ ጥቂት እንብላ። ቆመን ከማሰሮው የምንቆርሰው አይቆጠርም፤ አያጠግብምም።

ሁለተኛው፣ ከዐይን ማራቅ ነው። በቤት ውስጥ የሌለ ብስኩት በሌሊት አይፈትንም። ገበያ የምንወጣው በልተን ከሆነ የምንገዛውም ይቀንሳል።

ሦስተኛው፣ ከጾም ውጭ በሆነ ቀን ቁርስንና ምሳን ዘልሎ እስከ ማታ አለመቆየት ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ሆድ ውስጥ ይቆያሉ። ነጭ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ፈጥነው ያልፉና ሌላ ይጠራሉ። በጾም ቀን ስንፈታም በውኃና በአትክልት ጀምረን በዝግታ እንብላ፤ ሆድ መሙላቱን ለአእምሮ የሚያስታውቀው ሃያ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነውና።

አራተኛው፣ እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ባነሰን ቀን ከጨጓራ የሚመነጨውና ረኃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ይጨምራል። ሌሊቱን በማኅሌት ያደሩ አገልጋዮች በማግሥቱ ጣፋጭና ቅባት የሚያምራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአገልግሎት በኋላ አስቀድሞ ማረፍ ከብዙ አምሮት ያድናል።

አምስተኛው፣ ከወደቁ በኋላ መነሣት ነው። በአንድ ዝክር ላይ አብዝቶ የበላ ሰው «እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ ሳምንቱን ሁሉ አይተው። ንስሐን የምናስተምር ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። የሚቀጥለው ማዕድ አዲስ መጀመሪያ ነው።

አጥቢያው የሚያደርገው

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰው ብቻውን ሲታገል ማዕዱን የምናቀርበው እኛ ነን። ሰንበቴው፣ ማኅበሩ፣ ዝክሩ፣ ክርስትናው፣ ተዝካሩ ሁሉ የፍቅር ማዕድ ነው። በዚህ ማዕድ ላይ ግን «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» እያልን እናስገድዳለን። ሐኪም የከለከለውን ሰው ሦስት ጊዜ ጎርሶ ካልተቀበለን እንቀየማለን። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ፍቅር ግን የጎራሹን ሕመምም ያውቃል። «ይበቃኛል» ያለን ሰው አንድ ጊዜ ሰምተን መተው ልማድ ቢሆን፣ ያ ለብዙ ሕመምተኛ ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚቆጠር እርዳታ ነው። እምቢታው ንቀት አለመሆኑንም ካህናት ከዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩ፣ ሕመምተኛው ከበረከት የተለየ አይመስለውም፤ ከጸበል ጸዲቁ ቁራሽ ቀምሶ መተው በቂ ነውና።

ከማዕዱም በፊት ውኃ ይቅረብ። ለስላሳው መጀመሪያ አይዞር። ንፍሮና ቆሎ ከቦምቦሊኖ ይቅደሙ። ጨውና ዘይት በልክ ይሁኑ። ይህ ወጪ አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል።

ስለ ንግግራችንም እንጠንቀቅ። ወፍሮ የመጣውን «ተመችቶሃል» ብለን እናመሰግናለን፤ ለመቀነስ የሚታገለውን ደግሞ «ምን ነካህ፣ ታመምክ?» እንላለን፤ ወይም በሆዱ እንሣለቃለን። ሦስቱም አይጠቅሙም። ኀፍረት ሰውን በሥውር ወደ መብላት ይገፋዋል እንጂ አያቀናውም።

ሊዘነጋ የማይገባው

የምንመክረው ለሁሉም አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ የሚያድግ ልጅ ክብደት እንዲቀንሱ አይመከሩም። ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ሊመረመር ይገባዋል። በሥውር ያለ ልክ የሚበላና የሚያስመልስ ሰውም ሕመምተኛ ነው፤ ተግሣጽ ሳይሆን ሕክምና ያስፈልገዋል።

ከሁሉ በላይ ይህን እንያዝ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በድንገት ቢርበው፣ ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ልቡ ቢመታ ወይም ግራ ቢጋባ ያ አምሮት አይደለም። በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ «ሃያ ደቂቃ ታገሥ» አይባልም። የሚውጥ ከሆነ ወዲያው ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ለስላሳ መጠጥ ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨመር ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መጾም ቢፈልግ አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከሥርዐት በላይ አታስጨንቅም፤ የንስሐ አባትም «ልጄ፣ መድኃኒትህን ውሰድ፣ ብላ» ማለቱ ጾምን ማቃለል አይደለም።

አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወደየአጥቢያችን ስንመለስ ሦስት ነገር እንድንጀምር እንለምናለን። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ስለ ማዕዳችን እንነጋገር። ከሰንበቴው ማዕድ በፊት ውኃ እናቅርብ። ከአቅራቢያችን ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግረን ከቅዳሴ በኋላ የደም ግፊትና ክብደት የሚለካበት አንድ ቀን እንወስን፤ በዚያም ቀን አገልጋዮች ቀድመው ይለኩ፤ ምእመናን ይከተላሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።