ሄድፎን ያደረግኩበት ሰዓት የማን ነው?

(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ ንግግር አድርጊ ስባል መጀመሪያ አሻፈረኝ ብዬ ነበር። ግን ባለፈው ቡና ላይ ስለ ሄድፎኔ ሳወራ የሰሙኝ "ይሄንን ለሁሉም ንገሪ" አሉኝ፤ እሺ ብዬ መጣሁ።

እዚህ ቤይሩት የምሠራበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የኔ ክፍል ከኩሽናው ጀርባ ያለችው ናት። ታውቋታላችሁ፣ አብዛኞቻችን እዛው ነን። በአንድ በኩል የልብስ ማጠቢያው ማሽን፣ በሌላ በኩል መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የሰፈሩ ጄኔሬተር። የመንግሥት መብራት ሲጠፋ (መቼ በርቶ ያውቃል?) እሱ ይነሳል፤ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ጥርሴ ውስጥ ይገባል።

ሄድፎኑን የሰጠኝ የማዳም ልጅ ነው። አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ሊጥለው ሲል "ለኔ ስጠኝ" አልኩት። የጆሮው ስፖንጅ ተላልጦ ስለነበር ከካልሲ ቆርጬ ሰፋሁለት። መጀመሪያ ሳደርገው ሙዚቃ እንኳ አልከፈትኩም። ቁልፏን ስጫናት ጄኔሬተሩ ሄደ! የጠፋ መስሎኝ አውልቄ ባዳምጥ እዛው ያጓራል። ከዛ የማሕሙድ አህመድን ትዝታ ከፈትኩ። ስንት ዓመት በስልክ ስፒከር የሰማሁት ዘፈን ነው፤ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት ትንፋሽ ሲስብ የሰማሁት ግን ያን ማታ ነው። አለቀስኩ። በዚህ አገር ክፍሌ በር ያላት የመሰለኝ ያን ቀን ነው።

አሠራሩን ልጁ አስረድቶኛል። ላዩ ላይ ትንንሽ ማይክሮፎኖች አሉት፤ የውጪውን ድምፅ ይይዛሉ። ውስጡ ያለው ቺፕ የዛኑ ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ሠርቶ ይለቃል፤ አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ይላል፣ ይጣፋሉ። ስለዚህ የሚበረታው እንደ ጄኔሬተር፣ እንደ ኤሲ፣ እንደ አውሮፕላን ባለ ወፍራምና የማያቋርጥ ድምፅ ላይ ነው። ለጆሮም ይረዳል፤ ጫጫታውን ለማሸነፍ ብለን ሙዚቃውን እስከ ጥግ አንጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ 90 ከደረሰ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ።

የሰው ጥሪ ላይ ቺፑ ያን ያህል አይሠራም። ግን ስፖንጁና ዘፈኑ ተደርበው እሱንም ይሸፍኑታል። እኔን ያገኘኝም ይሄ ነው።

የማዳም እናት፣ ተታ እንላቸዋለን፣ ከኛ ጋር ይኖራሉ። አንድ ማታ አራት ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት አንሸራቷቸው ወደቁ። ጠርተውኛል፤ አልሰማሁም። ውሃ ልጠጣ ስነሳ ነው ያገኘኋቸው፤ ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ተኝተው "የት ነበርሽ?" አሉኝ። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ እጃቸው ግን አብጦ ሰነበተ። ብርቱካን ሲልጡ ግማሹን ለኔ የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴ ይላወሳል።

ማዳም ሄድፎኑን ወሰደችው። "የምከፍልሽ ጆሮሽን እንድትዘጊ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱ የመጣልኝ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስቆጥር ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳሁ ሰው እስከ ማታው አራት ሰዓት 16 ሰዓት ቆሜያለሁ። አራት ሰዓት ላይም ጆሮዬን መክፈት ካለብኝ፣ ያ ሰዓት ዕረፍት ነው ወይስ ሥራ? የ2011ዱ የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ አንቀጽ 10 ላይ ይሄንኑ ጉዳይ ያነሳል፦ ሠራተኛዋ በራሷ ጊዜ ማዘዝ ሳትችል ለጥሪ ተዘጋጅታ የምትቆይበት ሰዓት፣ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን፣ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል። ሊባኖስ አልፈረመችበትም፤ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕጓም እኛን ከነጭራሹ አውጥቶናል። በ2009 የወጣው የሥራ ውል ግን ሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ይላል። ማዳም የፈረመችው እሱን ነው።

ወረቀቱን ይዤ አልገባሁባትም። ቡና አፈላሁና ጠየቅኳት፦ "ተታን ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ማን ይስማቸው?" ዝም አለች። በሁለተኛው ቀን አንገት ላይ የሚንጠለጠል ደወል ገዝታ መጣች። ሲጫኑት የሚጮኸው ሳጥን እስከ አራት ተኩል እሷ ክፍል ነው፤ ከዛ በኋላ ወደኔ ይመጣል። ሄድፎኔም ተመለሰ። ሌሊቱ ግን አሁንም የኔ ነው፣ ክፍያም የለውም። ስምንቱን ሰዓት ገና አላገኘሁትም፣ አልዋሻችሁም።

እሳት ጥዳችሁ ወይ ሕፃን ይዛችሁ አታድርጉት። መንገድ ላይም እንዲሁ። በ2024ቱ ጦርነት ጊዜ እኔ ከመሳቢያ አላወጣሁትም፤ ጆሮ ያስፈልግ ነበር።

ስልኳን የተነጠቀች እህት ይሄን ስትሰማ "ሄድፎን ብርቅ ነው'ንዴ" ትል ይሆናል። እውነቷን ነው። እሷ ከስብሰባው በኋላ ትምጣ፣ ከስልኩ እንጀምራለን። የውሉ የዐረብኛ ኮፒ ጀበናው አጠገብ አለ። ሄድፎኑንም ይዤዋለሁ፣ መሞከር የምትፈልግ ትሞክረው። ካልሲው ታጥቧል፣ አትሳቁ።