ቀዩ ጅረት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የሥነ ምድር ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ይህ አዳራሽ የተከደነበት ቆርቆሮ ዝናም ሲመታው የተናጋሪውን ድምፅ እንደሚውጠው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዛሬ ሰማዩ ስለ ራራልን ስለዚያው ስለ ቆርቆሮው ጥቂት እንድንናገር ይፈቀድልን። ቆርቆሮ ብረት ነው፤ ብረትም ውሃ ካገኘው ይዝጋል። ይህ ጣራ ግን ብዙ ክረምት የተሻገረው በላዩ ስስ የዚንክ ልባስ ስላለው ነው። ዚንክ ደግሞ በተፈጥሮ ብዙ ጊዜ ከእርሳስ ጋር አብሮ ይገኛል። እርሳስ ስንል በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለውን ከባድ ብረት ማለታችን ነው እንጂ የምንጽፍበትን አይደለም። የምንጽፍበት ስሙን ተዋሰ እንጂ ውስጡ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። ይህንን እኛም ያወቅነው ዘንድሮ ስለሆነ ያላወቀ ሰው አይፈር።

ዚንክና እርሳስ ከየት ይመጣሉ ብለን ስንጠይቅ መምህራችን በካርታው ላይ እጅግ ሩቅ የሆነ ስፍራ አሳዩን፤ ይኸውም በአሜሪካ በአላስካ ክፍል፣ በብሩክስ ተራሮች ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኘው ሬድ ዶግ፣ በእኛ ቋንቋ «ቀዩ ውሻ» የሚባለው ማዕድን ነው። ስፍራው ኮትዘቡ ከምትባለው ከተማ ወደ ሰሜን 140 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በበጋ ፀሐይ ለብዙ ሳምንታት አትጠልቅም፤ በክረምት ደግሞ ለሳምንታት አትወጣም። የአገሩ ተወላጆች ኢኑፒያት የሚባሉ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ ከጥንት ጀምሮ የኖሩት ዓሣ በማጥመድና ካሪቡ የሚባለውን የአጋዘን ዓይነት በማደን ነው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።)

በ1960ዎቹ ቦብ ቤከር የሚባል አውሮፕላን ነጂ በእነዚህ ተራሮች ላይ ሲመላለስ አንዳንድ ጅረቶች እንደ ዝገት ቀልተው ተመለከተ። ሰውዬው የሥነ ምድር ሊቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ያየውን ችላ አላለም፤ ለሚያውቁት ነገራቸው። በ1968 የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ባለሙያ የነበረው ኢርቭ ታይለር ወደ ስፍራው ሄዶ ናሙና ወሰደ፤ የምርመራውም ውጤት በ1970 ታትሞ ወጣ። ናሙናው በዚንክና በእርሳስ እጅግ የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። ጅረቱም ከቤከር ጋር በአውሮፕላን ይጓዝ በነበረው ውሻ ስም ተጠራ። በክበባችን ውስጥ ረዥም ሳቅ ያስነሣው ይህ ነው፤ ስንቱ አሳሽ ስሙ እንዲቀር ሲደክም ውሻው ሳይደክም ስሙን በካርታ ላይ አስጻፈ።

ጅረቱ ስለ ምን ቀላ? መልሱን ለማግኘት ከ330 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ዘመን ስፍራው ተራራ ሳይሆን ባሕር ነበር። ወለሉ ጥቁር ጭቃ ሲሆን፣ ከሥሩ በምድር ውስጥ የሚዘዋወር ሙቅና ጨዋማ ውሃ ካለፈባቸው ድንጋዮች ዚንክና እርሳስ እያሟሟ ይወጣ ነበር። ይህ ውሃ በጭቃው ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ብረቶቹ ከድኙ ጋር ተዋሕደው ድንጋይ ሆኑ፤ ዚንኩ ስፋለራይት፣ እርሳሱ ጋሌና፣ ብረቱም ወርቅ የሚመስለው ፒራይት ተባሉ። ጭቃውም ጠጥሮ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ይህ ነገር ተረት የሚመስለው ቢኖር ወደ ቀይ ባሕር ይመልከት። በሱዳንና በሳዑዲ ዓረቢያ መካከል፣ ወደ 2,000 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት፣ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ የሚበልጥ ጨዋማ ውሃና ዚንክ ያለበት ጭቃ በ1960ዎቹ ተገኝቷል። ሁለቱ ስፍራዎች በሁሉ ነገር አንድ ባይሆኑም ሙቅና ጨዋማ ውሃ ብረት ተሸክሞ ከባሕር ጭቃ ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ያስረዱናል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ምድር ተገፍታ የባሕሩ ወለል እየታጠፈና እየተደራረበ ተራራ ሆነ፤ ጅረቱም ተራራውን እየቆረጠ ማዕድኑ ላይ ደረሰ። ፒራይት አየርና ውሃ ሲያገኘው ድኙ አሲድ ይሆናል፤ ብረቱም ይዝጋል። ቅላቱ ይህ ዝገት ነው። አሲዱ ግን ቀለም የለውም፤ ዚንክን፣ እርሳስንና ካድሚየምን አሟሙቶ ይወስዳል። ስለዚህ ከማዕድኑ በታች ባለው የጅረቱ ክፍል፣ ሰው አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይቆፍርበት፣ ዓሣ አይኖርበትም ነበር።

ክበባችንን ለሁለት የከፈለው ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ግማሾቻችን «ውሃው ከጥንት የተመረዘ ከሆነ ቆፋሪው ምን ጥፋት አለበት?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «እንዲህ ከተባለማ ከእንግዲህ የሚመጣው ጉዳት ሁሉ በተራራው ይሳበባል» ብለን ተቃወምን። ክርክሩን የፈታልን የክርክር ብልሃት ሳይሆን መዝገብ ነው። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የጅረቱ ውሃ ተለክቶ ተመዝግቦ ነበር። የኢኑፒያት ሕዝቦች በ1971 በወጣው ሕግ መሠረት ናና የሚባል የጋራ ማኅበር አቋቁመው ነበርና፣ በብዙ ከመከሩ በኋላ በ1982 ከካናዳው ኮሚንኮ ኩባንያ ጋር ተዋዋሉ። በ1989 ሥራው ሲጀመር የተገለጠው ድንጋይ ውሃ እየነካው በጅረቱ ያለው ዚንክ ከቀድሞው ልክ በላይ ወጣ። ከቀድሞው በላይ መሆኑም የታወቀው የቀድሞው ስለ ተመዘገበ ብቻ ነው። በ1991 ጅረቱ ማዕድኑን ሳይነካ እንዲያልፍ ልዩ ቦይ ተሠራለት፤ የተበከለውም ውሃ እየተሰበሰበ እንዲጣራ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ልኬት ከማዕድኑ በታች ያለው ዚንክ ቁፋሮው ሳይጀመር ከነበረው እንኳ ዝቅ ማለቱን ያሳያል። ተራራው ጥፋተኛ ነው ያልነው ክፍሎች በዚህ ደስ ብሎን ነበር።

ደስታችን ግን አልቆየም። ማዕድኑ ወደ ባሕር የሚጓጓዘው 84 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ሲሆን፣ ባሕሩ ከበረዶ ነፃ ሆኖ መርከብ የሚጫነው በዓመት 100 ቀን ያህል ብቻ ነው። በ2001 የወጣ ጥናት በዚህ መንገድ ዳር የሚበቅለው ሞስ የተባለ ተክል እርሳስና ዚንክ ያለበት አቧራ እንደ ያዘ አስታወቀ። አቧራውን ያመጣው ጅረቱ አይደለም። ወንዙ በሚደርስበት በኪቫሊና መንደር የሚኖሩ ሰዎችም በ2004 ስለ ውሃው ኩባንያውን በፍርድ ቤት ከሰሱ። የመጠጥ ውሃቸውን ከዚያው ወንዝ የሚቀዱ ሰዎች ሲጠይቁ ትዕግሥት የላቸውም ማለት አይቻልም።

በቅርቡ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። በ2024 በወጣ ጥናት በእነዚያ ተራሮች 75 ጅረቶች ወደ ብርቱካንማ መልክ መለወጣቸው ተነገረ። ብዙዎቹ ማዕድን ተቆፍሮባቸው የማያውቅ ናቸው። ዘወትር በረዶ ሆኖ ይኖር የነበረው አፈር በሙቀት እየቀለጠ ውሃና አየር ከሥሩ ወዳለው ፒራይት ስለሚደርሱ ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። እንግዲህ የቀድሞው ልክ ራሱ እየተለወጠ ነው ማለት ነው። አንዱ ጓደኛችን «ታዲያ መዝገቡ ከየትኛው ዓመት ይቆጠር?» ብሎ ጠየቀ፤ ክርክራችንም እንደ አዲስ ተነሣ፤ እስከ ዛሬም አላበቃም።

በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ አንድ ቁራጭ ጋሌና አስቀምጠናል። ከጎኑ በመጠን የሚተካከለው ነጭ ድንጋይ አለ፤ ሁለቱን በሁለት እጃችሁ አንሥታችሁ ክብደታቸውን አወዳድሩ፤ ጋሌናው ወደ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ሻይ ከመቅረቡ በፊት ግን እባካችሁ እጃችሁን ታጠቡ፤ ውሃና ሳሙና በበሩ አጠገብ ተዘጋጅቷል።