ጦር ማንሣት የሚገባው መቼ ነው?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የውይይት ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጦርነት ስንናገር ያለ ቦታው የገባ ነገር መስሎ እንዳይታያችሁ አስቀድመን እንለምናለን። በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን የዐድዋን ድል እናከብራለን፤ በማግሥቱ ክፍል ገብተን ደግሞ ሰላም ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን እንማራለን። ከዕለታት አንድ ቀን በክበባችን ስብሰባ አንዲት ታናሽ እኅታችን ተነሥታ፣ «ጦርነት ክፉ ከሆነ ድሉን ስለ ምን እናከብራለን? ደግ ከሆነስ ሰላምን ስለ ምን እናመሰግናለን?» ብላ ጠየቀችን። ወዲያው የሚመልስላት ሰው ጠፋ።

በዚህም የተነሣ ለሁለት ተከፈልን። ከፊላችን፣ ሰው መግደል ኀጢአት ስለ ሆነ ጦርነት ሁሉ የተከለከለ ነው አልን። ከፊላችን ደግሞ፣ እውነተኛ መብት ያለው ሰው ስለ መብቱ ቢዋጋ አይወቀስም አልን። ክርክሩ ለጨዋታ ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ በዚህ በፉሪ ከልዩ ልዩ አገር የመጣን ልጆች አብረን እንማራለንና፣ ከመካከላችን ዘመዱን በጦር ሜዳ ያጣ አለ። ስለዚህ መጻሕፍት አገላበጥን፤ ታላላቆቻችንንም ጠየቅን። በመጨረሻም ሁለታችንም ወገኖች በከፊል መሳሳታችንን ተረዳን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20፣ ወደ አንዲት ከተማ ለውጊያ የቀረበ ሠራዊት አስቀድሞ የሰላም ቃል እንዲያቀርብ ታዟል፤ ከተማዪቱን ሲከብም የፍሬ ዛፍ እንዳይቆርጥ ተከልክሏል። በቁርኣንም የሚወጓችሁን ተዋጉ፣ ነገር ግን ወሰን አትለፉ የሚል ትእዛዝ አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የነበረው ቶማስ አኵይናስ፣ ጦርነት ትክክል እንዲሆን ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ሲል ጽፏል፤ ይኸውም ሕጋዊ ሥልጣን ያለው አዛዥ፣ ትክክለኛ ምክንያትና ቅን አሳብ ነው። አገራችን ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተርም፣ አንድ አገር በጦር የተመታ እንደ ሆነ ራሱን የመከላከል መብት እንዳለው በ51ኛው አንቀጽ ይናገራል። እነዚህን ሁሉ በአገራችን ታሪክ ልንመዝናቸው ፈለግን።

አስቀድመን ዐድዋን እንመልከት። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለምታደርገው ግንኙነት በኢጣልያ ልትረዳ ትችላለች ይላል፤ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታዋ ነው ይላል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ባወቁ ጊዜ ወዲያው ነጋሪት አላስመቱም። ደብዳቤ ጻፉ፤ ከመልእክተኞች ጋር ተከራከሩ፤ ነገሩ አልሰምር ሲል በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በ1887 ዓ.ም. ግን የኢጣልያ ጦር አዲግራትን ያዘ። ክተት የታወጀው ከዚህ በኋላ፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ከውሉ እስከ ክተቱ ስድስት ዓመት አለፈ ማለት ነው። እንግዲህ ዐድዋን የምናከብረው ጠላት ስለ ተገደለ ብቻ አይደለም፤ ሌላው መንገድ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ፣ ቤቱ የተደፈረበት ሕዝብ ቤቱን ስለ ጠበቀ ነው።

ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላም ልብ የሚነካ ነገር ተደርጓል። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ ውስጥ የተከበበው የኢጣልያ ጦር ውኃው ተይዞበት በጥም ተጨነቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ጦሩ በሰላም እንዲወጣ ፈቀዱ፤ የጭነት ከብትም ሰጡት። ዕርቅ ይገኝ እንደ ሆነ ብለው ነበር። ዕርቁ አልተገኘም፤ የዚያ ጦር አዛዥ ጋሊያኖም ተመልሶ በዐድዋ ተሰልፎ ሞተ። በዚህ ምክንያት ምሕረቱ ስሕተት ነበር የሚል ወገን አለ። እኛ ግን፣ በየካቲት 23 ቀን ወደ ጦር ግንባር የሄደው ኢትዮጵያዊ ለሰላም የቀረ በር አለመኖሩን ዐውቆ እንዲሄድ ያደረገው ይኸው ምሕረት ነው ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባናል። ከድሉ በኋላ ኢጣልያውያን ምርኮኞች በምግብና በመጠለያ ተጠብቀው በመጨረሻ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ለኢጣልያ የተሰለፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ወታደሮች ግን እንደ ከዳተኛ ተቈጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። አባቶቻችንን ስለምናከብር ይህን አንሸሽገውም። ትክክለኛ ምክንያት ያለው ሰው በጦርነቱ ውስጥ ያደረገው ሁሉ ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ክርክር እንመለስ፤ መብት ያለው ሁሉ ይዋጋ የሚለውን ማለታችን ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠን የባድሜ ጦርነት ነው። ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦር ባድሜን በኃይል ያዘ። ሁለት ዓመት በቆየው ጦርነት በዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ የሁለቱ አገር ልጆች አለቁ። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ ውል ተፈርሞ ነገሩ ለዳኞች ተሰጠ። የድንበሩ ኮሚሽን በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ባድሜ ለኤርትራ ሆነ። የካሳው ኮሚሽን ደግሞ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም.፣ ኤርትራ ጦር አንሥታ ባድሜን መያዟ የዓለምን ሕግ መጣስ ነበር ሲል ፈረደ። ሁለቱን ፍርድ ጎን ለጎን አስቀምጡና ተመልከቱ! መሬቱ የሚገባው ነው የተባለው ወገን፣ በኃይል ስለ ያዘው ጥፋተኛ ተባለ። በጦርነቱ ጊዜ በምርኮኞችና በሰላማዊ ሰዎች ላይ ስለ ደረሰው በደል ደግሞ ሁለቱም መንግሥታት ተጠያቂ ሆኑ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች ተገናኝተው ጦርነቱ አብቅቷል አሉ፤ በዚያ ሜዳ የወደቁት ወጣቶች ግን አልተነሡም። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይላሉ። ዳኛ ሊጨርሰው የሚችለውን ነገር በጦር መጀመር እንዲህ ያለ ብድር ነው፤ ከፋዩም ተበዳሪው ራሱ ሳይሆን የደኻ ልጅ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው በአንድ አገር ልጆች መካከል የሚደረገው ጦርነት ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን የተነሣው ጦርነት ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። ስለዚህ ጦርነት በመካከላችን አንድ ቃል የለንም፤ ልንፈርድም አልተነሣንም። ነገር ግን በአንድ ነገር ሁላችንም ተስማማን፤ በመጨረሻ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ከመጀመሪያው ቢዘረጋ ኖሮ ስንቱ ወንድማችን ዛሬ በሕይወት በኖረ!

እንግዲህ ለእኅታችን ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ጦርነት ደግ የሚሆንበት ጊዜ የለም፤ ግድ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ግድ ነው የሚለውን ሰው አራት ነገር እንጠይቀው። በእርግጥ ተመትተናልን? ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክረናልን? የሚያውጀው ሥልጣኑ በሕግ የተሰጠው ነውን? በምርኮኛውና በሰላማዊው ሰው ላይ የማናደርገውን ከወዲሁ ወስነናልን? ከአራቱ ለአንዱ እንኳ መልስ የጎደለው እንደ ሆነ፣ ነጋሪቱ ቢመታም ጦርነቱ ትክክል አይደለም።

ወላጆቻችን ሆይ! ከሠፈራችን አጠገብ ያለው የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ መንገዱ ወደ ጅቡቲ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ወደ አሰብ የሚወስደው የንግድ መንገዳችን ስለ ተዘጋ፣ የአገራችን ዕቃ የሚበዛው በጅቡቲ በኩል ይመጣል። የባቡሩን ድምፅ ስትሰሙ ጦርነት ከሜዳው አልፎ እስከ ገበያችንና እስከ ጓዳችን እንደሚደርስ አስቡ። እኛም ነገ ድምፅ ሰጪዎች፣ ሹማምንት፣ ወታደሮችና መምህራን የምንሆን ልጆቻችሁ፣ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ሳንጠይቅ «በለው!» እንዳንል በዚህ በዓል ፊት ቃል እንገባለን።

ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ያቆይልን!