ከነማ ማለት እኛ ነን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው መነጋገሪያችን ፋሲል ከነማ ነው። «ኳስ የጎረምሳ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን «ቡድኑ ጎንደር ላይ ካልተጫወተ ለምን እናዋጣለን?» የሚለው ጥያቄ በየቡና ቤቱና በየእድሩ ስለሚነሳ፣ በጋራ ብንመክርበት ይሻላል።

በመጀመሪያ ስሙን እንመልከት። ከነማ ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። ሐዋሳና አዳማ «ከነማ»ን ትተው «ከተማ» ሲባሉ፣ ፋሲል ግን ስሙን እንደያዘ ቀርቷል። እንግዲህ በስሙ ባለቤቱ ነዋሪው ነው። በሥራ ሲታይ ግን፣ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ክለቦች፣ ዋናው ወጪ የሚሸፈነው ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው።

የባለቤት ነገር ቀላል አይደለም። እዚያው ጎንደር ዳሸን ቢራ የሚባል ክለብ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ፤ ከዚያም ፈረሰ። በ2009 ዓ.ም. ፋሲል ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገባ፤ ጎንደርም ያለ ቡድን አልቀረችም። ፋብሪካ ያቆመውን ቡድን ፋብሪካው ሊያፈርሰው ይችላል። ሕዝብ የያዘውን ግን ማን ያፈርሰዋል?

ሁለተኛው የወጪ ጉዳይ ነው። የተጫዋች ክፍያ ከክለቦች አቅም በላይ በመሆኑ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ እኮ መንገድና ውሃ ከሚሠራበት የከተማ በጀት ጋር አንድ ቋት ውስጥ ያለ ነው። ስለሆነም ሒሳቡን መጠየቅ ጠላትነት ሳይሆን የባለቤት ወግ ነው።

ሦስተኛው፣ አንጀታችንን የሚበላው፣ የሜዳው ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ብቻ እንዲካሄድ ተደረገ። በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ስርጭቱ ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ፋሲልም የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በዚያ ዓመት ነው። ታዲያ ጨዋታው በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ሲካሄድ፣ በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም ጨዋታ አልነበረም። ኮሮናው ካለፈ በኋላም አሠራሩ ቀጠለ። ቀድሞ ከአምባ ጊዮርጊስ በኮሶዬ በኩል ጎንደር ወርዶ፣ ኳሱን አይቶ፣ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ አሁን ቡድኑን የሚያየው በቴሌቪዥን መስኮት ነው።

ጉዳቱ የናፍቆት ብቻ አይደለም። ሜዳ ከራቀ የበር ገቢ ይቀራል፤ የመጓጓዣ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ይጨምራል። ያን ጊዜ ክለቡ ከደጋፊው ይልቅ በበጀት ሰጪው ላይ ይንጠለጠላል። ከሜዳው የራቀ ደጋፊ ከባለቤትነቱም ቀስ በቀስ ይርቃል ማለት ነው።

በሰው አገርም ይህ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የእንግሊዙ የዊምብልደን ክለብ ባለቤቶች ቡድኑን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ሚልተን ኪንስ እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎቹ ግን አልቅሰው አልቀሩም። በዚያው ዓመት የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙ፤ ከታችኛው ሊግ ተነሥተው፣ እያዋጡ፣ በ2020 በቀድሞው ሰፈራቸው አዲስ ስታዲየም ገቡ። አሥራ ስምንት ዓመት ነው የፈጀባቸው።

የኛ ነገር ከነሱ ይለያል። ፋሲልን የወሰደብን የለም፤ የራቀው ጨዋታው ነው። በመሆኑም የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ መዋጮውን አናቋርጥ። ግን ስናዋጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ በየዓመቱ ለደጋፊው ይነገር። ሁለተኛ፣ ከውጭ ተጫዋች ከመግዛት በፊት ለወገራና ለአካባቢው ልጆች ሜዳና አሠልጣኝ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ የጎንደር ስታዲየም ውድድር ለማስተናገድ የሚጎድለው ተለይቶ ይነገረን፤ ጉልበትም ከሆነ ጉልበት፣ ገንዘብም ከሆነ ገንዘብ እንስጥ።

«ካልታየ አላዋጣም» ያለ ሰው እንግዳ ነው፤ ባለቤት ግን ቤቱ ሲያዘም አይሸሽም። ሐሳብ ያላችሁ ተናገሩ፤ እኔ እዚህ ላይ አበቃለሁ።