ስለ ይሓ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል የታሪክ ክበብ አባሎች ጥቂት እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ በመካከላችን ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ግማሾቻችን ስለ አገራችን ስለ መንዝ እንናገር አልን፤ ግማሾቻችን ግን የለም፣ ስለ ይሓ ይሁን አልን። በመጨረሻ ይሓ አሸነፈ። ቢሆንም መንዝን ሳናነሣ ከዚህ መድረክ አንወርድም።

የክርክሩ መነሻ አንድ ሥዕል ነው። በጂኦግራፊ ትምህርት ጊዜ በደቡብ ሕንድ በማዱራይ ከተማ የሚገኘውን የሚናክሺን ቤተ መቅደስ ሥዕል አየን። ሚናክሺ ሂንዱዎች የሚያመልኳት ሴት አምላክ ናት። ቤተ መቅደሷ 14 ግንቦች ሲኖሩት የሁሉም ረጅሙ ቁመቱ ከ50 ሜትር ይበልጣል፤ ከላይ እስከ ታችም በቀለም ባጌጡ ምስሎች ተሸፍኗል። ከወላጆቻችን መካከል በሕንድ መምህራን እጅ የተማራችሁ ስላላችሁ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። ታዲያ ሥዕሉን ስናይ ከመካከላችን አንዱ፣ «በእኛ አገርስ ለሴት አምላክ የተሠራ ቤት ነበረን?» ብሎ ጠየቀ። ብዙዎቻችን ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ እንዳልነበረ መጻሕፍቱን ስናገላብጥ ታወቀን።

ከዓድዋ ወደ አዲግራት የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ትንሽ ወደ ሰሜን ገባ ሲል በተራሮች የተከበበ ሜዳ ያገኛል። ይሓ ማለት ይህ ነው። በዚያ ጣራ የሌለው፣ ግድግዳው ግን እስከ 14 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ሕንፃ አለ። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ስለዚህ ዕድሜው ወደ 2700 ዓመት ይጠጋል። የአክሱም ሐውልቶች ሲተከሉ ይህ ቤት አሮጌ ነበረ።

ስፋቱን በዓይናችን ለማየት ብለን በስፖርት ሜዳችን ላይ በገመድና በችካል ለክተን አሰመርነው። ርዝመቱ 18 ሜትር ከ60፣ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ነው። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 ሜትር በ9 ሜትር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በርዝመቱ ከመረብ ኳስ ሜዳችን እምብዛም የማይበልጥ ነው። ይህን ስናይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂት ቅር አለን፤ ከማዱራዩ ጋር ሲወዳደር ትንሽ ሆነብን። ነገር ግን የሕንፃው ክብር በስፋቱ አይደለም፤ በግንቡ አሠራር ነው።

የመንዝ ሰው ስለ ድንጋይ አስተማሪ አያስፈልገውም። ቤታችን ድንጋይ ነው፤ አጥራችንም ካብ ነው። ካብ ሲካብ ያልተጠረበው ድንጋይ እርስ በርሱ እየተደገፈ ይደረደራል፤ የማይገጥመው ቦታ ላይ ጠጠር ይወሸቃል። የቤት ግድግዳ ሲሆን ደግሞ በጭቃ ይያያዛል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ዝናብ ያጠበውን ጭቃ እንደገና መምረግ ግድ ነው። የይሓ ግንበኞች ግን ጭቃም፣ ኖራም፣ ጠጠርም አላስገቡም። ከትልልቆቹ ድንጋዮች አንዳንዶቹ እስከ 3 ሜትር ይረዝማሉ። የእያንዳንዱ ጠርዝ እጅግ ተስተካክሎ ስለ ተጠረበ አንዱ በሌላው ላይ ሲቀመጥ ግጥም ይላል። የሚያያይዛቸው የገዛ ክብደታቸው ብቻ ነው። ዝናብ የሚያጥበው ጭቃ በመካከላቸው የለም። ካብ ክቦ የሚያውቅ አባት ይህን ሲሰማ የሥራውን ክብደት ከእኛ ይልቅ እርሱ ይገምተዋል።

መግቢያው በስተምዕራብ ነው። በፊት ለፊቱ 6 ዓምዶች ያሉት ደጀ ሰላም ነበረው። ውስጡ ደግሞ በ4 ረድፍ፣ በየረድፉ 3 ሆነው በቆሙ ዓምዶች ለ5 መተላለፊያ የተከፈለ ነበረ። በስተምሥራቅ ጫፍ ጎን ለጎን የተሠሩ 3 ክፍሎች ነበሩ፤ እጅግ የተቀደሰው ስፍራ ይህ ነው። የአገራችንን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቅ ሰው መቅደሱ ወደ ምሥራቅ መሆኑን ሲሰማ ትዝ የሚለው ነገር ይኖራል። ሆኖም የቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አንዱ ወደ ሌላው የሚያስገቡ ሲሆኑ የይሓዎቹ ክፍሎች ጎን ለጎን ስለ ሆኑ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ቤቱ የተሠራው አልመቃህ ለሚባለው አምላክ ነው። አልመቃህ ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን የሳባ ሰዎች ዋና አምላክ ነበረ። የቀድሞ መጻሕፍት የጨረቃ አምላክ ነው ይሉታል፤ የዛሬ ሊቃውንት ግን ይህን ብዙዎቹ አይቀበሉትም። እንግዲህ የጠያቂው ጓደኛችን መልስ «የለም» ሊሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተገኘው ነገር ባይኖር ኖሮ።

በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ግድም በውቅሮ ከተማ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በሚባል ስፍራ ሌላ የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ከመሬት ውስጥ ተገኘ። ከይሓው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የመሥዋዕት መጠጥ የሚፈስበት የድንጋይ መሠዊያ በነበረበት ቦታ ቆሞ ተገኘ። በመሠዊያው ላይ በሳባ ፊደል የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ወዐረነ የተባለ ንጉሥ መሠዊያውን ለአልመቃህ እንዳሠራ ይናገራል። የይሓን ስምም ይጠራል፤ ያን ያህል ጥንታዊ በሆነ ጽሑፍ ውስጥ የይሓ ስም ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያውም ከአስተርና ከአልመቃህ ጋር ሁለት ሴት አማልክትን ይጠራል፤ ስማቸው ዛተ ሕምያምና ዛተ በዕዳን ነው።

ብዙ ሊቃውንት እነዚህን ሁለት ስሞች ከፀሐይ ጋር ያገናኟቸዋል። የመጀመሪያይቱ «የሙቀቷ»፣ ሁለተኛይቱ «የሩቋ» ማለት ነው ይላሉ፤ ይኸውም ፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት በውርጭ ላይ ቆመን ፀሐይን ስንጠብቅ ላደግን ለእኛ ይህ አተረጓጎም ለመረዳት አያስቸግርም። በአማርኛችንም ፀሐይ ወጣች፣ ፀሐይ ጠለቀች እንላለን እንጂ ወጣ፣ ጠለቀ አንልም።

ሌላም ነገር አለ። ንጉሡ በጽሑፉ ላይ ራሱን ሲያስታውቅ የአባቱን ብቻ ሳይሆን የእናቱንም ስም ጠርቷል። በየመን የሳባ ነገሥታት ጽሑፎች እንዲህ ያለው ልማድ አይታይም። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የመጣው ፊደልና አምልኮ እዚህ ሲደርስ የአገሩን ጠባይ እንደ ያዘ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በነዚያ ዘመናት ከተቀረጹት ጽሑፎች በአንዳንዶቹ ላይ ድንጋይ ጠራቢዎች ከማርብ መሆናቸውን ጽፈዋል፤ ማርብ የሳባ ዋና ከተማ ነበረች። ሙያው ከየት እንደ መጣ አይካድም። ነገር ግን የሚያዝዘው፣ የሚያስጠርበውና የእናቱን ስም የሚያስጽፈው የዚህ አገር ሰው ነበረ። «ሁሉም ከውጭ መጣ» የሚሉትም፣ «ምንም ከውጭ አልመጣም» የሚሉትም ድንጋዩን በደንብ አላነበቡም ብለን እናምናለን።

ስለ ፊደሉ አንድ ቃል ብቻ። ጽሑፉ አናባቢ የለውም፤ ስለዚህ የንጉሡ ስም ትክክለኛ አነባበብ በግምት ነው። በተማሪ ዓይን ሲታይ ግን በ፣ ለ፣ ቀ እና ዐ የሚሉት ፊደላት ወዲያው ይታወቃሉ። ሰሌዳ ላይ ጽፈን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ብናሳያቸው አራቱንም አነበቡልን።

ከመቃብር ጋዕዋ በድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሴት ምስልም ተገኝቷል። እንዲህ ያሉ፣ እጆቻቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳርፈው የተቀመጡ የሴት ምስሎች ቀደም ሲል በአክሱም አጠገብ በሐውልቲ ተገኝተው ነበር። አምላክ ትሁን ንግሥት ሊቃውንቱ አልተስማሙም። እኛን ያስደነቀን ግን የቦታው ስም ነው። መቃብር ጋዕዋ ማለት የጋዕዋ መቃብር ማለት ነው፤ ጋዕዋም በትግራይ ሰው አፈ ታሪክ የምትነገር ኃይለኛ ንግሥት ናት። ቤተ መቅደሱ በአፈር ተውጦ፣ የአማልክቱ ስም ከሰው አፍ ጠፍቶ ሳለ ሕዝቡ ስፍራውን የሴት ነው ይል ነበር። በማርብም እንዲሁ ሆኗል፤ ታላቁን የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ዐረቦች ማሕረም ቢልቂስ፣ ይኸውም የንግሥተ ሳባ መቅደስ ብለው ጠሩት። በሁለቱም የባሕር ዳርቻ ፍርስራሹ ለሴት ተሰጠ። ምክንያቱን እኛ አንፈርድም፤ አስቡበት።

አሁን፣ የይሓው ቤት እስከ ዛሬ ለምን ቆመ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የድንጋዩ አጠራረብ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በዚያው በይሓ ግራት በዓል ገብሪ የሚባል ታላቅ ሕንፃ ነበረ፤ የፊቱ ዓምዶችም እንዲሁ 6 ናቸው። ግድግዳው ድንጋይና እንጨት ተደባልቆ የተሠራ ስለ ነበረ እሳት በላው፤ ዛሬ የሚታየው ቅሪቱ ብቻ ነው። ታላቁ ቤተ መቅደስ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። በክርስትና ዘመን ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአቡነ አፍጼ ስም ስፍራው ገዳም ሆነ፤ አሮጌው ቤትም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገለገለ። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አይቶት በመጽሐፉ ጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ጓድ ለክቶ ሥሎታል፤ ከ2009 ጀምሮም የጀርመን የአርኪዮሎጂ ተቋም ከአገራችን የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቆፍሮታል፣ የተሰነጠቀውንም ግንብ ደግፎታል። ከጥንቱ ሕንፃ የተረፈ፣ የዋልያ ምስል የተቀረጸበት ድንጋይም በአጠገቡ ባለው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተገጥሞ ይታያል። መነኮሳቱ የጣዖት ነው ብለው አልሰባበሩትም።

እንግዲህ ወደ መንዝ ልንመለስ ነው። በዚህ በእኛ ደጋ ላይ ሣር የበቀለባቸው የድንጋይ ክምሮች እንዳሉ እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ ያውቃል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በመንዝ ከነዚህ ክምሮች አንዳንዶቹን ቆፍረው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት የነበሩ፣ ክርስቲያን ያልነበሩ ሰዎች መቃብሮች መሆናቸውን አረጋግጠዋል፤ ባህሉንም የሻይ ባህል ብለው ሰይመውታል። ከሙታኑ ጋር ሸክላና ጨሌ ተቀብሮ ተገኝቷል። ጽሑፍ ግን የላቸውም። ወዐረነ እንዳደረገው የእናታቸውን ስም አልነገሩንም፤ ያላቸው ድንጋያቸው ብቻ ነው።

ከመካከላችን አንዱ ከሚኖርበት መንደር በላይ ካሉት ክምሮች አንዱ ባለፈው ዓመት ለአጥር ካብ ድንጋዩ ተወስዶ አልቋል። ማን እንደ ወሰደው እናውቃለን፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድንጋይ አየ፣ ድንጋይ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ክበባችን አንድ ደብተር ከፈተ። እስካሁን 11 ክምሮች ተመዝግበዋል፤ የእያንዳንዱ ዙሪያ በገመድ ተለክቶ፣ ሽማግሎች የሚጠሩበት ስም ተጽፎ ይገኛል። መቆፈር የእኛ ሥራ ስላልሆነ አንድም ጠጠር አላነሣንም።

ወላጆቻችን፣ በየቀበሌያችሁ ያለውን ክምርና ስሙን ለልጆቻችሁ ንገሩልን። ደብተሩ ዛሬ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከበዓሉ በኋላም እስከ ማታ እዚያው እንቆያለን።