ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤትና ስለ ተከራካሪዎች ፈቃድ

 

ኮሚቴው ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ አቋም እንድናገር ሲጠይቀኝ ከብዙው ጉዳይ አንዱን መረጥኩ፤ እርሱም ፈቃድ ነው። ቃዲ ፊት የሚቀርብ ሰው ሊዳኝ የሚችለው ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ነው ወይስ ወድዶ ሲቀርብ?

ፍርድ ቤቶቻችን አዲስ አይደሉም። በ1936 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 62 እውቅና ነበራቸው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቦታ ሳይሰጣቸው ቢወጣም ሥራቸው አልቆመም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78(5) ቀድሞ የነበሩት እንዲደራጁ ሲፈቅድ፣ በአንቀጽ 34(5) ደግሞ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ገለጸ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ይህንኑ ተከትሎ የፌዴራሉን ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ አቋቋመ።

ጥያቄው የተፈተነው በአንድ የውርስ ክርክር ነው። ተከራካሪዎቹ በሸሪዓ መዳኘት አንፈልግም ብለው ቢቃወሙም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አይቶ ወሰነ፤ ይግባኙም አልረዳቸውም። በመጨረሻ ነገሩ ሕገ መንግሥት የመተርጐም ሥልጣን ላለው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የተሰጠው ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው።

ይህ ውሳኔ የቃዲዎቻችንን ሥልጣን ያዳክማል የሚሉ ወገኖች አሉ። አነጋገራቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፊቅህ ቃዲ የሚዳኘው በሹመቱ ነው፣ በፈቃድ የሚመረጠው ሐከም ነው። የእኛ ፍርድ ቤት በመግቢያው ሐከም፣ ከገቡበት በኋላ ግን ቃዲ ነው፤ በአዋጁ መሠረት አንዴ ከተስማሙ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት መዛወር የለምና። እኔ ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ።

ፍርድ ቤት መምረጥ ሕግ መምረጥ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ፤ በፈራኢድ ወንዱ የሁለት ሴት ድርሻ ይወስዳል። የሟች ሚስትስ? የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ የባሏ ወራሽ አይደለችም። በፈራኢድ ግን ልጅ ካለው ስምንተኛው፣ ከሌለው ሩቡ የእርሷ ነው። እንግዲህ የሚጠቅመው ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ብዙ እህቶች ደግሞ ድርሻው ቢያንስም የአላህ ሕግ ነው ብለው በፈራኢድ ይስማማሉ። ያ ስምምነት የሚከበረው ግን አውቀው ሲሰጡት ነው።

አንድ ያልተቋጨ ነገር አለ። አዋጁ መጥሪያ በሚገባ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደ ፈቀደ ይቈጠራል ይላል። በኒካህ የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ እንደሆነ በሐዲስ እናውቃለን፤ ነገር ግን እርሷ ተጠይቃ ዝም ያለች ናት። ቤቷ ሆና ወረቀቱ ምን እንደሚል ያላነበበችን ሴት እንዴት ከዚያች ጋር እናመሳስላት? ይህ የአዋጁ ክፍል ከአንቀጽ 34(5) ጋር የሚጣጣም አይመስለኝም።

እስከዚያው ድረስ መጥሪያ የደረሰው ሰው ቤቱ አይቀመጥ። የማይስማማ ከሆነ ቀርቦ በመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይቃወም፣ ቅጂውንም ይያዝ፤ ግልጽ ፈቃድ ከሌለ ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት እንዲልክ አዋጁ ያዛል። የሚስማማም ቢሆን ቅጹን ሳያስነብብ አይፈርም። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ካሉ ከመግሪብ በኋላ ወረቀታቸውን ይዘው ይምጡ፣ አብረን እናየዋለን።