ለእናትም አንድ መስመር



ዛሬ የምናወራው ስለ ቤተሰብ ዕረፍትና ስለ ወፍ ማየት ነው። በሂሳብ ሥራ የምናውቀው አንድ ነገር አለ፤ በበጀት ላይ ያልተያዘ ነገር ገንዘብ አያገኝም። ለዕረፍት ስንወጣም እንዲሁ ነው። ለልጆች ዋና፣ ለአባት ኳስ፣ ለዘመድ ጥየቃ ይመደባል። የእናት ግን «ጊዜ ከተረፈ» ይባላል። አይተርፍም።

በእኛ ቤት ወፍ ማየት የእናት ነገር ነው። ስለዚህ በጥር የትምህርት ዕረፍት ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ከገንዘቡ ጋር ሰዓቱንም ጻፍነው፦ ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ የእናት። ቁርስ የአባት። ከ2 ሰዓት በኋላ ቀኑ የሁላችን።

ሰዓቱ ለወፎቹም ይስማማል። ምግብ ፍለጋ የሚበረቱት ፀሐይ ሳትከርር ነው። ወሩም ጥሩ ነው፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡ ወፎች ያኔ እዚህ ናቸው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ላለ ሰው፣ ጥቁርና ነጭ ቀለም ያለው ዓሣ አዳኝ ወፍ አየር ላይ ቆሞ ክንፉን ሲያርገበግብ፣ ከዚያም ቁልቁል ሲወረወር ይታያል። ለዚህ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ የለም። አንድ ባይኖኩላርና አንድ ደብተር ይበቃል።

የቤተሰቡ ድርሻም አልቀረም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሁላችንም ሄድን። አባ ኮዳ የዓሣ ትርፍራፊ ሊለቅም በሰው መካከል ይንጎራደዳል። ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ስለሚደርስ ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ተለካኩ።

በሁለተኛው ቀን ትልቋ ልጃችን በማለዳ ተነስታ «እኔም ልምጣ» አለች። ተነጋገርንበት። ድምፅ ሳታሰማ ትምጣ፣ ሦስተኛው ቀን ግን የእናት ብቻ ይሁን ብለን ተስማማን። ልጅቷ ትንሽ አኮረፈች፤ ቢሆንም ውሳኔው ጸና። ልጅን መውደድ ያለንን ሰዓት ሁሉ መስጠት አይደለም። እናት የራሷ ነገር እንዳላት ማየትም ለሴት ልጅ ትምህርት ነው።

የእናንተ ነገር ወፍ ላይሆን ይችላል። መጽሐፍ ይሁን፣ ጥልፍ ይሁን፣ ዝም ብሎ መቀመጥም ይሁን፣ ሻንጣ ሳይታሰር በፊት ከነሰዓቱ ጻፉት፤ ቁርሱን ማን እንደሚያቀርብም አብራችሁ ጻፉ።